ቀንዶ በቆላ

ነሐሴ 20

ለሚጡ፣

ሰላምታዬን ከታች ነው ያስቀመጥኩት፤ ወርደሽ ፈልጊው። መጀመሪያ ንዴቴ ይውጣልኝ።

«ዘንድሮም ልትተክዪ ነው እንዴ?» ብለሽ ጽፈሽልኛል። አዎ፣ ዘንድሮም ልተክል ነው። ሰባተኛዬ ነው። ምን ያስቅሻል? አንቺማ ዘሩን በጓሮ በር ወርውረሽ ብትመለሺ እንኳ ይበቅልልሻል። ማታ ብርድ፣ ቀን ፀሐይ፣ ከሥር ቀይ አፈር፣ ከጎን እማዬ! እኔ ያለሁበት አገር አየሩ ራሱ ተቀቅሏል። ቀን ሆቴሉ ልብስ ማጠቢያ ክፍል ውስጥ ከአንሶላው ጋር እቀቀላለሁ፤ ማታ ቤቴ ገብቼ ለብቻዬ እቀቀላለሁ። ሌሊቱ አይቀዘቅዝም፤ ሌሊቱ ካልቀዘቀዘ ደግሞ አበባው ፍሬ አይዝም። ስድስት ዓመት ሙሉ ጠዋት ጠዋት አበባ ከመሬት ስለቅም ኖሬያለሁ።

«ሌላ ዓይነት ቲማቲም ለምን አትተክዪም?» ላልሽውም፣ ድንቄም! ክብ ክቡማ ገበያው ላይ ሞልቷል፤ ሲቀቀል ግማሹ ውሃ ነው። የእማዬ ቀንዶ እንደ በሬ ቀንድ ሾጣጣ፣ ሥጋው ጥብቅ፣ ዘሩ ጥቂት ነው፤ የቲማቲም ድልህ የሚወጣው ከእሱ ነው። በሠርጌ ማግስት ምን እንዳለች አንቺም ሰምተሻል፤ በሩ ላይ ቆመሽ ነበር። «ቲማቲሜ በማይበቅልበት አገር እግሬ አይረግጥም» አለች። ሰው ሁሉ ሳቀ፤ እኔም ሳቅኩ። እሷ ግን አልሳቀችም። ይኸው እስከ ዛሬ ቤቴን አታውቀውም። ባዘጋጀሁላት አልጋ ላይ የባሌ የሥራ ልብስ ይተኛበታል። አንቺ በየቀኑ ታያታለሽ። ይኼን ስጽፍ እንኳ ቆሽቴ እያረረ ነው፤ ምን ልደብቅሽ?

ዘንድሮ ግን መላ አግኝቻለሁ። ከግቢያችን ጀርባ ደብርጃን፣ ያን ሐምራዊ የቲማቲም ዘመድ፣ የምታመርት ሴትዮ አለች። አምና ተክሎቼ ገና አረንጓዴ እንዳሉ ባንድ ሳምንት ሲጠወልጉብኝ፣ አንዱን ግንድ ቆረጠችና ብርጭቆ ውሃ ውስጥ አቆመችው። ከቁራጩ ነጭ ነገር እንደ ወተት ክር እየሆነ ወረደ። «በሽታው አፈርሽ ውስጥ ነው፤ የሚገባው በሥር ነው፤ የደብርጃንን ሥር ግን አይደፍርም» አለችኝ። ስለዚህ የደብርጃኑን ችግኝ አንገቱ ላይ ትቆርጪና የቲማቲሙን ጫፍ እላዩ ላይ ትገጥሚያለሽ። ይጋባሉ። ከታች የቆላ ሰው፣ ከላይ የደጋ ሰው፤ እንደኔና እንደ ባሌ።

ስለዚህ ስልሳ ዘር ላኪልኝ። እማዬ እንደምታደርገው በሞቀ ውሃ የታጠበ ይሁን፤ ውሃው በክርን ተለክቶ፣ የሕፃን ገላ የሚችለውን ያህል ሞቆ፣ ከዚያ ሳያልፍ። ደውዪልኝም እንዳትዪኝ። በስልክ ስናወራ አንዳችን ሌላዋ ጆሮ ላይ መዝጋታችን አይቀርም፤ ወረቀት ላይ ግን መዝጋት የለም።

ሰላምታዬ ይኸውልሽ፤ እማዬን ሁለቴ ሳሚልኝ። ሁለቱም ካንቺ እንዳይመስላት ንገሪያት።

ታላቅሽ


መስከረም 4

ለእትዬ፣

ሰላምታሽን ከታች አግኝቼ ለእማዬ አድርሻለሁ። ሁለቴ ሳምኳትና «አንዱ ከእትዬ ነው» ስላት «የትኛው?» አለችኝ። 

ስለዘገየሁ ይቅርታሽን። ትምህርት ቤት ሊከፈት ነውና የተማሪ ዩኒፎርም ወጥሮ ይዞኛል። ይኼን ስጽፍልሽ ጠረጴዛው ላይ አርባ ቀሚስ ኮሌታ ይጠብቃል።

ዘሩ ይኸው፣ ስልሳ ፍሬ። እንዳይፈስብሽ ብዬ ከዩኒፎርም ትራፊ ትንሽ ኪስ ሰፋሁለት። በሞቀ ውሃም አጥቤዋለሁ።

ሳትጠይቂኝ ልንገርሽ። እማዬ ትበላለች፣ ትተኛለች። ጉልበቷን ያማታል፤ ያው የለመደችው ነው። ስላንቺ ምን ትላለች ብትዪኝ፣ ብዙም አትል። ታውቂያታለሽ፣ ወሬ አታበዛም። የደብርጃኑን ነገር አልነገርኳትም፤ ሳይሳካ ቢቀር ቅር እንዳይላት ብዬ ነው። ሲሳካ እነግራታለሁ።

የአልጋውን ነገር አንብቤ ሆዴ ባባ። ግን እትዬ፣ የባልሽም ልብስ ማረፊያ ያስፈልገዋል። በጣም እንዳትደክሚ።

ታናሽሽ


ጥቅምት 1

ለሚጡ፣

አምስት! ስልሳ ዘርቼ አምስት!

ጉድ ሳይሰማ መስከረም አይጠባም ይላሉ፤ የኔ መስከረም ግን ጠብቶም በጉድ አለቀ። ከሆቴሉ የተጣሉ የሻይ ኩባያዎች ለቅሜ፣ ሥራቸውን በስቼ፣ አፈሩን ነፍቼ፣ በየኩባያው አንድ አንድ አስቀምጬ፣ ጠዋትና ማታ ጎንበስ ብዬ እያየሁ ሃያ ቀን ጠበቅኩ። ሃምሳ አምስቱ ዝም አሉኝ። እዚህ አገር የቲማቲም ፍሬ ለቅሜ አላውቅ ይሆናል፣ ማብቀል ግን አቅቶኝ አያውቅም! አምናም ካቻምናም በቅሎልኛል፤ የሞተብኝ በኋላ ነው።

እስቲ በሞቴ እውነቱን ንገሪኝ። ዘሩን ከየትኛው ፍሬ ነው ያወጣሽው? ለራስሽ ከመጀመሪያው ዘለላ፣ ለኔ ከመጨረሻው? ወይስ ወፍ ከቆረጠመው? እኔ እንግዲህ ሩቅ ነኝ፣ አላይም።

አምስቱን እንዳገባኋቸው ልንገርሽ። በምላጭ የሁለቱንም አንገት ሰያፍ ቆርጬ ገጠምኳቸውና መጋጠሚያው ላይ የለስላሳ መጠጫ ስትሮ ቁራጭ አለበስኳቸው። ከዚያ ላስቲክ ከረጢት ደፍቼባቸው ጥላ ሥር አስቀመጥኳቸው። የደብርጃኗ ሴትዮ «ሳምንት ሙሉ እንዳትከፍቺ» ብላኝ ነበር። በአራተኛው ቀን አላስቻለኝም፣ አንዱን ከፈትኩት። ወዲያው አንገቱን ደፋ። የቸኮለች አፍሳ ለቀመች የተባልኩት እኔ ነኝ። አሁን አራት ናቸው።

ሌላ ነገር ልጠይቅሽ። የላክሽልኝ ፎቶ ላይ አንቺና እማዬ አግዳሚው ላይ ተቀምጣችኋል፣ ከፊታችሁ ቅርጫት ሙሉ ቀንዶ አለ። የእማዬ እጅ ጉልበትሽ ላይ ነው። እንዲያ ያስቀመጣችሁ ፎቶ አንሺው ነው ወይስ እሷ ራሷ ናት? ፎቶውን የመስታወቱ ጥግ ላይ ሰክቼው ነበር፤ ፀጉሬን ባበጠርኩ ቁጥር የማየው ያን እጅ ሆነብኝና አነሳሁት።

ታላቅሽ


ጥቅምት 15

ለእትዬ፣

ፎቶ አንሺው አይደለም። እማዬ ልትነሳ ስትል ጉልበቴን ተደግፋ ነው። ብትፈልጊ መልሰሽ ስቀዪው።

ዘሩን ያወጣሁት ከሁለተኛው ዘለላ፣ ጥሩ ጥሩውን መርጬ ነው። ፖስታው መንገድ ላይ ፀሐይ መትቶት ሰንብቶ ይሆናል። እኔ እዚያ አገር ያለውን ሙቀት ምን አውቃለሁ? ባሕርም አይቼ አላውቅ። ሠላሳ አራት ዓመቴ ነው፤ ርቄ የሄድኩት ክር ልገዛ ገበያ ድረስ ነው። አንቺ ከፍ ያለ ክሬን የሚነዳ ባል አለሽ፣ መርከብ ታያለሽ፣ ከሆቴል እንግዳ ጋር በስንት ቋንቋ ሰላም ትባባያለሽ። የእማዬን እጅ ደግሞ በፎቶ ትቆጥሪብኛለሽ። እትዬ፣ ምን አደረግኩሽ?

አራት ብቻ ከቀረ ግን ዘንድሮ ብትተዪው አይሻልም? ደክመሽ ደክመሽ መጨረሻ ላይ ሲከፋሽ ማየት አልፈልግም። የሚቀጥለው ዓመት የት ይሄዳል?

እማዬ ደህና ናት። ማታ ማታ ብርዱ በርትቷል። አምና ለብርዱ እሠራላታለሁ ላልሽው ሹራብ መጠኗን ልኬያለሁ፤ እጅጌው ትንሽ ረዘም ይበል።

ታናሽሽ


ኅዳር 29

ለሚጡ፣

ያዘ! ሚጡ፣ ያዘልኝ!

ባለፈው የጻፍኩልሽን ስድብ እርሺው፤ ምላሴ ነው፣ ታውቂዋለሽ። (ሹራቡን ጨርሻለሁ፤ አብሮ ይደርሳል።) አሁን የምልሽን ስሚ። አራቱም ተክሎች ደረቴ ድረስ ደርሰዋል። ሥራቸውን ደረቅ ሣር ጎዝጉዤላቸዋለሁ። ቅጠላቸውን ውሃ አላስነካም፤ ሥራቸውን ብቻ አጠጣለሁ። ነፋስ እንዲገባ የታችኛውን ቅጠል እየቀነጠስኩ አስወግዳለሁ፣ ያለዚያ በዚህ እርጥበት ባንድ ሌሊት ነጥብ ነጥብ ያወጣል። ከቀትር በኋላ ደግሞ ከሆቴሉ የተጣሉ አንሶላዎች እዘረጋላቸዋለሁ። ሰፈሩ «ሴትዮዋ ለቲማቲም አጎበር ሰቀለች» እያለ ይስቅብኛል። ይሳቅ!

«አበባው አሁንም ይረግፋል ወይ?» ብትዪኝ መልሱ ይኸውልሽ። ዘሩን የዘራሁት አበባው ንፋሱ በሚለወጥበት ወር እንዲደርስ ቆጥሬ ነበር፤ ሌሊቱ ትንሽም ቢሆን በረድ አለልኝ። ግን ያ ብቻውን አልበቃም። እርጥበቱ የአበባውን ዱቄት እንደ ሊጥ ያጣብቀዋል፤ አይበንም። በእጄ ባራግፈው እንቢ አለ። አንድ ቀን ጠዋት ባሌ ፂሙን ሲላጭ የማሽኑን ንዝረት ሰማሁና ከእጁ ነጠቅኩት። የአበባውን አንገት በጀርባው ስነካው ተንቀጠቀጠ፣ ዱቄቱም ብን አለ! ባሌ ግማሽ ፊቱን ተላጭቶ ወደብ ሄደ፤ ቀኑን ሙሉ ከክሬኑ አልወረደም አሉ። አሁን በየጠዋቱ ሦስት ሰዓት ላይ አበባ እነካካለሁ። ስምንት ፍሬ ቆጥሬያለሁ፤ ትልቁ አውራ ጣቴን ያክላል፤ ጫፉም ሾጠጥ ማለት ጀምሯል።

ለእማዬ ንገሪያት፣ አፈር ስሆን። ዛሬውኑ። የደብርጃኗ ሴትዮ እናት አብራት ነው የምትኖረው፤ በየማለዳው ከአጥር ወዲያ ሲጨቃጨቁ እሰማለሁ። በጭቅጭቃቸው ሳይቀር እቀናለሁ። እኔም የምጨቃጨቃት እናት ትምጣልኝ።

ታላቅሽ


ታኅሣሥ 18

ለእትዬ፣

እንኳን ደስ አለሽ። ሹራቡም ደርሷል፤ ልኳ ነው።

አዎ፣ ለእማዬ ነግሬያታለሁ። «እንዲያ ነው?» አለች። ሌላ ነገር ብላ እንደሆነ ትጠይቂኝ ይሆናል። አላለችም። ባቄላ እየፈለፈለች ነበር፣ ቀጠለች።

ትምጣልኝ ላልሽው ግን ልንገርሽ የማልፈልገው ነገር ነበር። አንድ ሐኪም አይቷት ነበር። ረጅም መንገድ አይሆንላትም ብሏል። ሁለት ቀን አውቶብስ ላይ መቀመጥ ለጉልበቷ ጥሩ አይደለም አለ። አንቺን እንዳይከፋሽ ብዬ ሳልጽፍልሽ ቆየሁ። አልጋዋን ከስፌት ማሽኔ አጠገብ አምጥቼዋለሁ፤ ስሰፋ ታየኛለች፤ ክር ሲጠፋኝ ታቀብለኛለች። እንዲህ ሆነን ለምደናል።

ስምንቱ ፍሬ ይደግልሽ። ግን ገና አረንጓዴ ነው፤ ቲማቲም እስኪቀላ ስንት ነገር አለ።

ታናሽሽ


የካቲት 10

ለሚጡ፣

ስንት ነገር አለ ብለሽኝ ነበር። አለፈ ሁሉም።

ሃያ ሦስት ፍሬ! ሁለቱ ቂጣቸው ጠቁሮ ተበላሸ፣ ሦስቱን ወፍ ቀመሰብኝ፤ አሥራ ስምንቱን ለቀምኩ። ቀለማቸውን እንዳልገልጽልሽ፤ አንቺ ለምደሽዋል፤ እኔ ግን እጄ ላይ አስቀምጬ ቆሜ ቀረሁ። ዘር የሚሆነኝን ከትልልቆቹ ለይቼ አወጣሁ። ከእንግዲህ ዘር ካንቺ አልለምንም፤ ይኼን ስጽፍ አንጀቴ ቅቤ ጠጣ።

የቀረውን እንደ እማዬ ቀቀልኩት። ልጣጩን ገፈፍኩ፣ በዝግታ እሳት ላይ ጣድኩ፣ ማንኪያው ቆሞ እስኪቀር አማሰልኩ። ሽታው ሲወጣ የልጅነታችን ጓዳ መጣብኝ፤ አንቺ ጠረጴዛው ሥር ተቀምጠሽ እሷ ማማሰያውን ስታስልስሽ። እኔ ደግሞ ማገዶ ሳቀብል። አለቀስኩ። ባሌ «ሽንኩርት ነው?» አለኝ፤ ሽንኩርት እንደሌለበት እያወቀ።

አንድ ጠርሙስ ወጣው። ወደዚያ ለሚያልፍ የጭነት መኪና ሹፌር ሰጥቼዋለሁ፤ እጅሽ ላይ እንዲያስረክብ አስምዬዋለሁ። አሁን የምልሽን በትክክል አድርጊልኝ። በዳቦ አትስጫት፤ በባዶ ማንኪያ ይሁን። ከየት እንደመጣ ስትቀምስ ንገሪያት። ከዚያ ዝም በዪና ፊቷን እዪልኝ። የምትለውን አንዲት ቃል ሳታጎድዪ ጻፊልኝ። መንገዱን በተመለከተ፣ ባሌ ከአለቃው ጋር ተነጋግሯል፤ ጉልበቷን እንድትዘረጋበት በትንሽ መኪና ራሱ ሊያመጣት ይችላል። ሐኪሙን ይኼን ጠይቂልኝ።

አልጋውን ጠርጌ አዲስ አንሶላ አንጥፌበታለሁ። የባሌ ልብስ ምስማር ላይ ወጥቷል።

ታላቅሽ


የካቲት 25

ለእትዬ፣

ጠርሙሱ ደርሷል፤ አልተሰበረም።

ቀመሰችው፣ እንዳልሽው በባዶ ማንኪያ።  ከዚያ «ይኼ የኔ ቀንዶ አይደለም፤ ደብርጃን ደብርጃን ይላል» አለች። ማንኪያውን አስቀምጣ ፊቷን አዞረች።

ቃል ሳታጎድዪ ስላልሽኝ ነው የጻፍኩት። አዝናለሁ። የቀረውን እኔ በዳቦ በላሁት፤ ለኔ ጥሩ ነበር።

ታናሽሽ


መጋቢት 9

ለሚጡ፣

ደብዳቤሽን ልብስ ማጠቢያው ውስጥ፣ ማድረቂያው ጎን ቆሜ ነው ያነበብኩት። ሦስቴ አነበብኩት። ለደብርጃኗ ሴትዮ ነገርኳት፤ ሳቀች። «ሥር ጣዕም አይለውጥም፤ እናትሽ ነገር ፈልጋ ነው» አለችኝ። እሷ ግን የእማዬን ምላስ አታውቀውም። እማዬ አይደለም ካለች አይደለም።

ከፍቶሽ እንደሆነ ትጠይቂኝ ይሆናል። ልንገርሽ፤ ከእንግዲህ የምደብቀው የለኝም። ከልጅነትሽ ጀምሮ እቀናብሻለሁ። አንድ ጊዜ አሞሽ እማዬ ሦስት ቀን ግንባርሽ ላይ እጇን ጭና ስትቀመጥ፣ እኔ ምድጃው ጎን ሄጄ ግንባሬን አሙቄ «አሞኛል» ብዬ ተኛሁ። መጣች፣ ዳሰሰችኝና «ተነሺ፣ ውሃ ቅጂ» አለችኝ። እስከ ዛሬ ያ ውሃ ከትከሻዬ አልወረደም። ሳገባም እኮ ርቄ ብሄድ እናፍቃታለሁ ብዬ ነበር። እሷ ግን ቲማቲም አስቀድማ በሩን ዘጋችብኝ።

ቲማቲሙን ወድጄው እንዳይመስልሽ። እኔ ቲማቲም አልወድም! አፌን ያሳክከኛል። ሰባት ዓመት ጎንበስ ቀና ያልኩት አንድ ቀን በሬን አንኳኩታ «እስቲ አሳዪኝ» እንድትለኝ ነው። ሌላ ምንም አልፈለግኩም።

አሁን ደከመኝ። በወሩ መጨረሻ የሁለት ቀን ዕረፍት አለኝ፤ ያን ጊዜ ተክሎቹን ነቅዬ እጥላለሁ። አልጋውንም ባሌ ይፈታዋል። አንቺ አሸነፍሽ፤ ይኼን ያልኩት በንዴት አይደለም። እማዬን ያዢያት። በደንብ ያዢልኝ።

ታላቅሽ


መጋቢት 20

እትዬ፣

አትንቀያቸው! ይኼን መጀመሪያ አንብቢ። አትንቀያቸው። ሌላውን ከዚያ በኋላ ተሳደቢ።

ሆድ ሲያውቅ ዶሮ ማታ ነውና፣ የሆነውን ልናዘዝ። እማዬ ድልህሽን ስትቀምስ አለች ያልኩሽን አላለችም።  ማንኪያውን ልሳ ጨረሰችና ድጋሚ ጠቀሰች። ከዚያ «አበባውን በዚያ የሞቀ ሌሊት እንዴት አሳለፈችው?» ብላ ጠየቀችኝ። የደብርጃኑን ነገር፣ የመላጫውን ነገር፣ ስምንቱን ፍሬ፣ ያን ጊዜ ነው የነገርኳት፤ ቀድሞ ነገርኳት ያልኩሽ ውሸት ነው። ተነሳችና ከቁም ሣጥኑ አናት ሻንጣዋን አወረደች። ጠርሙሱንም የጨረሰችው እሷው ናት፤ እኔ አልቀመስኩም።

አንድ ወር ሊሆነው ነው። ጠዋት ሻንጣዋን ታዘጋጃለች። ከምሳ በኋላ ስትተኛ እኔ ልብሷን አውጥቼ መልሼ እሰቅለዋለሁ። ስትነሳ ታየኛለች፤ በማግስቱ እንደገና ታጥፋለች። ሹራብሽን ሁልጊዜ ከላይ ታደርገዋለች። አውቶብስ የለም አልኳት፣ መንገድ ተዘግቷል አልኳት። ሐኪም የሚባልም የለም፤ ሐኪሙ እኔ ነኝ።

ዘሩም እኔ ነኝ። የፊተኞቹን ዓመታት በንጹሕ ልብ ነው የላክሁልሽ፤ እነሱን የገደላቸው አገርሽ ነው። ዘንድሮ ግን የደብርጃኑን መላ ስትጽፊልኝ እንደሚሳካልሽ ታወቀኝ። ውሃው እሳት ላይ ነበር። ክርኔን ሳስገባ አቃጠለኝ፣ ወዲያው አወጣሁት። ማቀዝቀዝ እችል ነበር። አልቻልኩም ብል ውሸት ነው፤ ዘሩን ጨመርኩት። አምስቱ እንዴት እንደተረፉ አላውቅም።

ለምን አትዪኝም? ስላንቺ ብዙም አትል ያልኩሽ ከሁሉ የከፋው ውሸቴ ነው። እማዬ ስላንቺ ካልሆነ ስለምን ታወራለች? «ታላቋ ብትሆን ይኼን እንዲህ ታደርገው ነበር።» «ታላቋ ቀልጣፋ ናት።» «ታላቋ በዚያ ሙቀት ቤት አቆመች።» ሻይ አቅርቤላት፣ ጉልበቷን አሽቼላት፣ አልጋዋን አንጥፌላት፣ ምስጋናው ሁሉ አንቺ ጋ ይሄዳል። አንቺ በፎቶ የቀናሽበት እጅ አጠገቤ ሆኖ እንኳ እኔ ሰባት ዓመት በስምሽ ተቃጥያለሁ። ብትሄድብኝ ደግሞ ባዶ ቤት ከማሽን ጋር መቅረቴ ነው። ፈራሁ፣ ቀናሁ፣ አደረግኩት።

የሚመጣው ሳምንት ሐሙስ በአውቶብስ ትነሳለች፤ ትኬቷን ቆርጫለሁ። ዛሬ ሻንጣዋን አብሬያት አዘጋጀሁ። ሹራቡን እኔ ነኝ ከላይ ያደረግኩት።

ይቅር በዪኝ አልልሽም። ተቀበያት።

ታናሽሽ


ሚያዝያ 12

ለሚጡ፣

ይቅርታ እንደሆነ ገና አላደርግልሽም። ሃምሳ አምስት ዘር ቀቅለሽብኛል! ልቤ ሲበርድ አስብበታለሁ። ግን እውነቱን ከተናገርን፣ እኔ በቦታሽ ብሆን ውሃው እስኪንተከተክ ጠብቄ ነበር የምጨምረው። 

ደህና ገባች ወይ ብትዪኝ፣ ደህና ገባች። አውቶብስ ተራ ልቀበላት ሄጄ ስሜያት ሳልጨርስ «የታለ?» አለችኝ። ቤቱን ቀና ብላ ሳታይ ቀጥ ብላ ጓሮ ገባች። አንሶላውን ገለጥ አድርጋ የተጋባውን አንገት በጣቷ ዳሰሰችው፤ ጠባሳው ላይ ጣቷን ብዙ አቆየችው። መላጫውን አሳየኋት፤ አበባ ላይ ስይዘው እስኪያስላት ሳቀች። ከዚያ ሣሩን በእግሯ ነካ አድርጋ «ጉዝጓዝሽ ሳስቷል» አለች። እኔና አንቺ እናውቃለን፣ እማዬ ከዚህ በላይ አታመሰግንም። ገብታ አልጋው ላይ ጋደም አለች፤ ወዲያው ተኛች። በር ላይ ቆሜ ስትተነፍስ አዳመጥኩ። ባሌ እራት ጠብቆ ጠብቆ ብቻውን በላ።

ሦስት ቀን እንዲህ ደላኝ። አራተኛው ቀን ላይ ሻይ አቀረብኩላት። ቀመሰችና «ሚጡ እኮ ትንሽ ቀዝቀዝ አድርጋ ነው የምታመጣልኝ» አለች።  ጉልበቷን አሸሁላት፤ «የሚጡ እጅ ለስላሳ ነው፣ መርፌ ይዞ የኖረ እጅ» አለችኝ። አንሶላ ስዘረጋ «ሚጡ ብትሆን ጠርዙን ቀምቅማ ትሰቅለው ነበር» አለች። የቁልፍ ቀዳዳሽ! ሚጡ፣ ስለ ቁልፍ ቀዳዳሽ ግማሽ ቀን ሲወራ ሰምተሽ ታውቂያለሽ? የደብርጃኗ ሴትዮ ሳታውቅሽ የምትሰፊውን ኮሌታ ዓይነት ታውቃለች። ትናንት ባሌም ሸሚዙን አውጥቶ «ይኼን ለሚጡ ብንልክላት?» አለኝ። ቆሽቴ አረረ! በገዛ ቤቴ፣ በገዛ ቲማቲሜ ጥላ ሥር!

በእጅ የያዙት ወርቅ እንደ መዳብ ይቆጠራል አሉ፤ ይኸው እኔም መዳብ ሆኜ አረፍኩት። ዛሬ ጠዋት አላስቻለኝም፣ ጮህኩባት፤ «እማዬ፣ ይኼን ሁሉ እሷ ፊት ብለሽው ታውቂያለሽ?» አልኳት። አረም እየነቀለች ነበር፤ ቀና እንኳ አላለችም። «ፊቴ ስትሆንማ እሷው አለች፤ ምን እላታለሁ?» አለችኝ።

የደብርጃን ችግኝ አሥራ ሁለት አፍልቻለሁ፤ አንገታቸውን የሚቆርጥ የማይንቀጠቀጥ እጅ ያስፈልገኛል። አውቶብሱ ሐሙስ ሐሙስ ነው። ማሽንሽን ሸፍነሽ፣ በሩን ቆልፈሽ ነይ። አልጋው ሰፊ ነው። ሁለታችንም አጠገቧ እንሁንና ማንን እንደምታመሰግን እናያለን።

ታላቅሽ